አቶ አንዳርጋቸው አማታቸውን ወደ ዘጌ ጫካ ያዘመቱበት ቅዳሜ

ሽማግሌ ወደ ቁንዝላ በተላከበት ዓመት፣ ገና የቤት ጌታ ሳይባሉ፣ አቶ አንዳርጋቸው ከአንድ የባሕር ዛፍ አጥር ውጭ ቆመው ለጆሯቸው ያልታሰበ ቃል ሰምተው ነበር። ከአጥሩ ውስጥ የዛሬዪቱ አማታቸው ከወንድማቸው ጋር ይመክሩ ነበር፤ የተባለውም፣ የቆየ ወሬ ዳር ዳሩን ምስጥ እንደ በላው ብራና ነውና፣ እንዲህ ይመስላል፦ «ልጁስ ደግ ልጅ ነው፣ አልጠላሁትም፤ ግን እመነኝ፣ እኔን በነገር ያሳመነኝ ዕለት…» ይህን ጊዜ የጎረቤት አህያ አናፋ። አህያው ሲጨርስ የሴትዮዋም ቃል አልቆ ነበር። ያሳመነኝ ዕለት ጣና ይደርቃል ነው የተባለው? ወይስ ልጄን መርቄ እሰጠዋለሁ? አቶ አንዳርጋቸው እስከ ዛሬ አላወቁም። የሚያውቁት ጋብቻው መፈቀዱን፣ ከዚያም ወዲህ አማታቸውን በአንድም ነገር፣ በስልክ ለመነጋገር መጮኽ እንደማያስፈልግ እንኳ፣ አሳምነው አለማወቃቸውን ነው።

ወእምዝ፣ ጽኑዑና ታጋሹ፣ የሚሠሩበት ፋብሪካ የጥገና ክፍል ምሰሶ፣ የጣና ዳሩ የፋሲሎ ክፍለ ከተማ ሞገስ፣ የወይዘሮ ፀሐይወርቅ ባል፣ የዜማና የኪሩቤል አባት አቶ አንዳርጋቸው ትዳር በያዙ በዐሥራ ሁለተኛው ዓመት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ወርኃ ጥር በገባ በዐሥራ ስድስተኛው ቀን፣ ዕለቱም ቅዳሜ፣ በዓሉም ኪዳነ ምሕረት፣ የሰፈሩ ቧንቧ ውሃ ከነሣ አራተኛ ቀኑ ሲሆን፣ ሠራዊታቸውን አስከትለው ወደ ዘጌ ዘመቱ።

የዘመቻውም ምክንያት ይህ ነው። አማታቸው እማሆይ ወለተ ሚካኤል፣ ባላቸው ካረፉ ወዲህ ቆብ ጭነው በቁንዝላ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሁለቱንም ዓይናቸውን የሞራ ግርዶሽ ጋርዶባቸው ነበር። ባለፈው ክረምት የሐይቁን ዳር መንገድ መስሏቸው እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው፣ አንድ ዓሣ አጥማጅ ነው በነጠላቸው ጎትቶ ያወጣቸው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስልክ በጮኸ ቁጥር የወይዘሮ ፀሐይወርቅ ልብ ከቦታው ይወርዳል። ሐኪሙ ቀዶ ጥገናው ግማሽ ሰዓት እንደማይሞላ፣ ሰኞ ጠዋት ቦታ እንዳለ ተናግሮ ነበር፤ እማሆይ ግን «የፈጠረው ይክፈተው እንጂ ዓይኔን ቢላዋ አይነካውም» ብለው፣ ለጥምቀት የመጡበትን ጓዝ ቋጥረው፣ በዚያው ሰኞ ወደ ቁንዝላ ሊመለሱ ቆርጠው ነበር። ስለዚህ ለአቶ አንዳርጋቸው የቀራቸው አንድ ቅዳሜና አንድ እሑድ ብቻ ነበር።

በዚያም ሰሞን የዘጌ ወጣቶች ማኅበር በቡናው ጫካ ውስጥ የሕፃናት መንገድ ከፍቶ ነበር። መንገዱ አምስት ምዕራፍ አለው፤ በየምዕራፉ ልጆች ይዘላሉ፣ ይሾልካሉ፣ ይዳስሳሉ፤ ካርዳቸው ላይ ማኅተም ይመታላቸዋል፤ አምስቱን የጨረሰ ቤተሰብ ከደንገል የተሠራ ኒሻን ይሸለማል። የስምንት ዓመቷ ዜማ ይህን ኒሻን ከገና ጀምሮ ስትለምን ኖራለች። አቶ አንዳርጋቸውም ልጅቱን በኒሻን፣ አማታቸውን በኪዳነ ምሕረት ስም በአንድ ጀልባ ሊጭኑ መከሩ፤ እማሆይ ቀኑን ተደስተው ከዋሉ፣ ሲመለሱ በሐይቁ መካከል የዓይኑን ነገር ሊያነሡባቸው አሰቡ፤ ከጀልባ ላይ ተነሥቶ የሚሄድ የለምና።

ከቤት ሳይወጡም፣ እማሆይ ጸሎት ላይ ሳሉ፣ በማድ ቤት ይህን ዐዋጅ አስነገሩ፦ «የሰማችሁ ላልሰማ አሰሙ! ዛሬ እማሆይ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። ጥቁር ነው ካሉ ጥቁር፣ ነጭ ነው ካሉ ነጭ። የሚያርማቸው፣ የሚመልስላቸው፣ ዓይኑን እንኳ የሚያጉረጠርጥ ሰው ከእኔ ጋር ነው ጠቡ!»

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ እንቁላል እየላጡ የተቃውሞ ዐዋጅ አወጡ፦ «አይ አንተ! እናቴን በቁልምጫ የምትሸነግላት ሕፃን አደረግሃት? ይሁን፣ እኔ የለሁበትም፤ ግን ዝም እላለሁ።»

ዜማም ጥያቄ አቀረበች፦ «ውሸት ቢሆንም?»

የሠራዊቱም ሥርዓት እንዲህ ነበር። ከፊት አቶ አንዳርጋቸው ጃንጥላና የውሃ ጀሪካን ይዘው፤ ቀጥሎ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ድፎ ዳቦና ዐሥር እንቁላል በጨርቅ ቋጥረው፤ ቀጥሎ ዜማ ካርዱን በአንገቷ አንጠልጥላ፤ ቀጥሎ የአራት ዓመቱ ኪሩቤል፣ በበጋ አረንጓዴ ቦት ጫማ አጥልቆ፣ ከሦስት ቀን ወዲህ ማንም እንዲያወልቀው ያልቻለ፤ በመጨረሻም እማሆይ ወለተ ሚካኤል መቋሚያቸውን ተመርኩዘው፣ ጠበል ቢገኝ ብለው ባዶ ሃይላንድ በብብታቸው ይዘው።

በጀልባው ላይ ባለ ጀልባው ምናሴ ለሁሉም ብርቱካንማ የመንሳፈፊያ ጃኬት አደለ። እማሆይ የለበሱትን በእጃቸው ዳሰሱና «ይኸስ ካባ ነው። ማን ሾመኝ?» አሉ። ዐዋጁ ገና ትኩስ ነበርና ከአቶ አንዳርጋቸው አፍ «አዎን እማሆይ፣ ካባ ነው» የሚል ቃል ወጣ። ስለዚህ ዘጌ ሲደርሱ ምናሴ ጃኬቱን ሊቀበል እጁን ቢዘረጋ፣ እማሆይ «የለበስሁትን ሹመት ማን ይገፍፈኛል? ወግድ!» ብለው መቋሚያቸውን አነሡ፤ ምናሴም «ኧረ እናቴ፣ ይልበሱት፤ ሲመለሱ እቀበላለሁ» ብሎ እጁን ሰበሰበ። በመነኩሲት ልብስ ላይ ብርቱካንማ ጃኬት የደረበች እናት ጫካውን ስትረግጥ ያየ ሁሉ የመንገዱ ኃላፊ ናቸው ብሎ አሰበ፤ ብዙዎችም እጅ ነሡ።

የመንገዱ መሪ ብሥራት የምትባል ፊሽካ ያንጠለጠለች ወጣት ነበረች። ሕጉን አነበበች፦ «ካርዱ የቤተሰብ ነው። በአምስተኛው ምዕራፍ ያያችሁትን እጠይቃለሁ፤ ከቤተሰቡ ትልቁም ትንሹም ይመልሳል። የሌለውን የጨመረ፣ ያላየውን አየሁ ያለ፣ ማኅተም የለውም።»

በመጀመሪያው ምዕራፍ አንድ የወደቀ ግንድ ተጋድሞ ነበር፤ ከፍታው ስንዝር ነው። ኃያሉ አቶ አንዳርጋቸው ክንዳቸውን እንደ ንስር ዘርግተው ገደሉን ሲሻገሩ ሁለት ጊዜ ወደቁ፣ ሁለት ጊዜም ተነሡ፤ በሦስተኛው ዜማ እጃቸውን ይዛ አሻገረቻቸው። ጫማቸው ጭቃ፣ ክብራቸው ግን ንጹሕ ነበር።

በሁለተኛው ምዕራፍ ከዛፍ ወደ ዛፍ ገመድ ተዘርግቷል፤ ተጓዡ ዓይኑን በጨርቅ ሸፍኖ ገመዱን እየዳሰሰ ይሄዳል። አቶ አንዳርጋቸው ጨርቁን አስረው በስድስተኛው እርምጃ ገመዱን ለቀቁ፤ ከአንድ የቡና ዛፍ ጋር ተሳሳሙ፤ ከዚያም የማያውቁትን የሌላ ሰው ሕፃን እጅ ይዘው ወደ ሐይቁ ሲያቀኑ በፊሽካ ተመለሱ። እማሆይ ግን ጨርቁን አልተቀበሉም። «ለእኔ ጨርቅ ምን ያደርጋል? እግዜር ራሱ ሸፍኖልኛል፣ እንኪ ለአማቼ ድገሚለት» ብለው ለብሥራት መለሱላት፤ ገመዱንም በጣታቸው ጫፍ ብቻ እየነኩ፣ በሥሩ ላይ ሳይደናቀፉ፣ በቅርንጫፉ ሥር ዝቅ እያሉ፣ ከኋላቸው ሰባት ሕፃናት እንደ ጫጩት አስከትለው ከዳር ደረሱ። ጫካው በጭብጨባ ተናወጠ። ያን ጊዜ ከግንድ ላይ ወጥተው ይህን አወጁ፦ «አያችሁ? ዓይን ያለው ዛፍ ይስማል፣ ዓይን የሌለኝ እኔ መራሁ። ዓይን ለምኔ! ፀሐይወርቅ፣ ለዚያ ሐኪም ይኸን ንገሪው።»

እነሆ አቶ አንዳርጋቸው አማታቸውን ለማሳመን ያመጡበት ጫካ ለአማታቸው መሰከረ። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ባላቸውን የተመለከቱት አመለካከት ከዐዋጅ ይበልጥ ነበር። በሦስተኛውም ምዕራፍ፣ በሸረሪት ድር አምሳል በተጠላለፈው ገመድ ውስጥ፣ ልባቸው ከእርሳቸው ጋር ስላልነበረ አንድ እግራቸው በላይ አንድ እግራቸው በታች ሆኖ ታሰሩ፤ ሃያ ደቂቃም ተከበው ቆዩ። ሚስታቸው በክንዳቸው፣ ልጃቸው በቀበቷቸው እየጎተቱ ነጻ እስኪያወጧቸው ድረስ ጦጣዎች ወርደው ከዐሥሩ እንቁላል ስድስቱን ማረኩ።

ወካዕበ ወደ አራተኛው ምዕራፍ ደረሱ። የዘመቻው ፍሬ ያለው እዚህ ነውና ልብ ይባል። ሁለት ግንድ ግራና ቀኝ ቆሞ፣ አንድ ግንድ በላዩ ተጋድሞ በር ሆኗል፤ ከበሩ ወዲያ ልጆች በባዶ እግራቸው የሚረግጡት አሸዋ፣ የቡና ገለባ፣ ጠጠርና ጭቃ በተራ ተነጥፏል፤ በመጨረሻም የእግር መታጠቢያ ባልዲ ቆሟል። ከበሩ ራስ ላይ በደማቅ ቀለም፣ ክንፏን ዘርግታ፣ ሁለት ዓይኗ እንደ ሰፌድ ክብ የሆነ ጉጉት ተሥላ፣ ከሥሯ ሁለት ቃል ተጽፏል። እማሆይ «ምን ይላል ልጄ?» ብለው ጠየቁ፤ ዜማም አነበበች፦ «ጫማ አውልቁ።»

በጣና ዙሪያ ተወልዶ ያደገ ሰው፣ በዛፍ መካከል በር አይቶ፣ ጫማ አውልቁ ሲባል፣ የሚያደርገውን ማን ያስተምረዋል? እማሆይ ወለተ ሚካኤል ጫማቸውን አወለቁ፤ ነጠላቸውን በጃኬቱ ላይ መስቀለኛ አጣፉ፤ ሦስት ጊዜ ሰገዱ። ቀና ብለው በሞራው ውስጥ የተዘረጋ ክንፍና የሚያበራ ዓይን አዩ። «ዓይነ ብዙ ኪሩቤል!» አሉ። «በኪዳነ ምሕረት ዕለት የልጄን ሞክሼ አሳየችኝ! ና አንት ልጅ፣ ሞክሼህን ሳም!» ሕፃኑ ኪሩቤልም ለሦስት ቀን ያላወለቀውን ቦት ጫማ ያለ ጦርነት አወለቀ፤ አያቱም አንሥተው ከሥዕሉ ጋር አሳሳሙት፤ እርሳቸውም በጣታቸው ጫፍ ቆመው የጉጉቷን ደረት ተሳለሙ።

አቶ አንዳርጋቸው ጉጉት መሆኗን አይተዋል። በቁንዝላ ጉጉት በጣራ ላይ ከጮኸች ሰው ይሞታል እየተባለ ጨው በእሳት እንደሚበተን ያውቃሉ። አፋቸውን ከፈቱ። ነገር ግን የጠዋቱ ዐዋጅ ትዝ አላቸው፤ እማሆይ አሁን ቢቆጡ የጀልባው ነገር ሁሉ ከሐይቁ ይሰጥማል ብለው ፈሩ፤ ከተከፈተው አፋቸውም «አሜን» የሚል ቃል ወጣ።

ይህ አሜን ነው ጥፋቱ። ከኋላ የተሰለፉት፣ መነኩሲት ስትሰግድ፣ ያውም የኃላፊ ጃኬት የለበሰች መነኩሲት፣ አጠገቧ የቆመውም ሰው አሜን ሲል በሰሙ ጊዜ፣ ከእኔ በላይ ያውቃሉ እያሉ ጫማቸውን አወለቁ። ሴቶች በአንድ ወገን፣ ወንዶች በሌላ ወገን ተሰለፉ። ከሰልፉ ጭራ የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው የመጡት መሪጌታ ዓምደ ሚካኤል፣ ሥዕሉ ከሩቅ ስላልታያቸው፣ ሕዝቡ ያለ ማኅሌት ሲሳለም ደስ አላላቸውምና በለሆሳስ ማዜም ጀመሩ። አርባ የሚሆን ሰው በባዶ እግሩ ወደ ጉጉት ሲቀርብ ብሥራት ፊሽካዋን አፏ ውስጥ እንደ ያዘች መንፋት አቃታት። እማሆይም ጭቃውን ጨርሰው ባልዲውን በእጃቸው ባገኙ ጊዜ «ጠበሉም ተዘጋጅቷል!» ብለው ሃይላንዳቸውን ሞሉ፤ የቀረውንም በመጣው ሰው ፊት ላይ ረጩ። ከሁሉ በፊት የተረጩት አቶ አንዳርጋቸው ነበሩ፤ ሽታውንም ያወቁት እርሳቸው ናቸው።

በአምስተኛው ምዕራፍ ብሥራት በጉቶ ላይ ተቀምጣ ቤተሰቡን ጠየቀች። ሌላው ሁሉ አለፈ። በመጨረሻ «እማሆይ፣ በአራተኛው በር ላይ የተሣለው ምንድን ነው?» አለች ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። እማሆይም «ምን ትጠይቂኛለሽ ልጄ፣ ራስሽ ያኖርሽው! ዓይነ ብዙ ኪሩቤል ነዋ» አሉ።

ብሥራት ማኅተሙን አንሥታ ወደ ዜማ ዞረች፦ «አንቺስ?» ልጅቱ ካርዱን በሁለት እጇ ጨብጣ አባቷን አየች። ከገና ጀምሮ የለመነችው ኒሻን በአንድ ወገን፣ የአባቷ ዐዋጅ በሌላ ወገን ነበር። ለዐዋጁም ታዝዛ «ኪ…» ብላ ጀመረች።

አቶ አንዳርጋቸው ከግንድ ወድቀው ያልተሰበሩት፣ በገመድ ታስረው ያልጮኹት፣ ልጃቸው በእርሳቸው ትእዛዝ ስትዋሽ ማየት አልቻሉም። ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ወጡ፣ በአማታቸውም ፊት ቆሙ፣ በዐሥራ ሁለት ዓመት ያልተሰማ ድምፅ አውጥተው የገዛ ዐዋጃቸውን ሻሩ፦ «እማሆይ፣ ጉጉት ናት። የሳሙት ጉጉት ነው። የቀዱትም ጠበል አይደለም፤ የሕፃናት እግር መታጠቢያ ነው።»

እማሆይ የጥያቄ ቃል አወጡ፦ «አንተ አይተህ ነበር?» የመልሱም ቃል «አይቻለሁ» የሚል ነበር። ሁለተኛውን ጥያቄ አወጡ፦ «አሜን ያልኸው አንተ አይደለህም?» መልሱም «ነኝ፤ እንዳይቆጡብኝ ፈርቼ ነው» የሚል ነበር። ያን ጊዜ እማሆይ ወለተ ሚካኤል ሃይላንዱን ከፈቱ፤ ቀስ ብለው፣ አንዲት ጠብታ ሳያስቀሩ፣ በአማቻቸው ራስ ላይ አፈሰሱት፤ የጥንት ነገሥታት በቅብዐት እንደ ከበሩ እንዲሁ አቶ አንዳርጋቸው በእግር እጣቢ ከበሩ። መሪጌታ ዓምደ ሚካኤልም ከኋላ ደርሰው ሰምተው ኖሮ ጥምጥማቸውን አስተካክለው ይህን ፍርድ ሰጡ፦ «ጉጉትም ፍጡር ናት፤ እኛ የሠራትን ነው ያመሰገንነው። ነገር ግን ይህ ነገር ከዘጌ እንዳይወጣ።» ወጥቷል።

ብሥራትም እውነቱ ከቤተሰቡ አፍ ተገኝቷልና አምስተኛውን ማኅተም መታች፤ የደንገሉም ኒሻን በዜማ ደረት ላይ ተሰካ።

ሲመለሱ በጀልባው ላይ፣ አቶ አንዳርጋቸው ሳምንቱን ሙሉ ያጠኑት ንግግር ከራሳቸው ጋር ርሶ ነበርና ሊያነሡት አልደፈሩም፤ እማሆይ ሰኞ ወደ ቁንዝላ እንደሚሄዱ፣ ከዚያ በኋላ ስልክ በጮኸ ቁጥር ጥፋቱ የእርሳቸው እንደሚሆን እያሰቡ ውሃውን ተመለከቱ። ምናሴ ሞተሩን እየዘወረ በየመካከሉ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ሳቁን ወደ ሐይቁ ዞሮ ነው የሚስቀው። ከሐይቁ መካከል በደረሱ ጊዜ ግን እማሆይ ራሳቸው ድንገት አፋቸውን ከፈቱ፦ «ፀሐይወርቅ፣ ያ ሐኪም ስንት ሰዓት ይፈጃል ነበር ያለሽ?»

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ «ግማሽ ሰዓት አይሞላም፣ እማዬ» አሉ።

እማሆይም ለጀልባው ሁሉ፣ ለሞተሩም ጭምር ተሰሚ በሆነ ድምፅ አወጁ፦ «እንግዲያው ስሙ። በገመዱ ላይ ያለ ዓይን መራኋችሁ፤ ውሃ ውስጥ ብገባም አምላክ ያወጣኛል ብዬ ነበር። ከጉጉት ግን አላወጣኝም። ሰባ ሦስት ዓመት ሙሉ ደጅ ስስም ኖሬ፣ በኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ያውም ልጁን አቅፌ፣ ጉጉት ሳምሁ! የቀረኝ ዕድሜ ጥቂት ነው፤ የምስመውን አይቼ ልሳም። አንት ሰው፣ አንዳርጋቸው፣ ፈሪ ነህ፤ ግን ፍርሃትህን ጨርሰህ እውነቱን ነገርኸኝ፤ የሸነገሉኝ ሁሉ እንዲህ ያለ ቃል አልነገሩኝም። አንተ ታደርሰኛለህ፤ አንተ በሩ ላይ ትቆማለህ፤ ሐኪሙም የሚያደርገውን አንድም ሳትደብቅ ትነግረኛለህ። ዳግመኛ ሳታይ አሜን ብትል ግን በዚህ መቋሚያ ነው!»

እነሆ፣ በስንዝር ገደል ላይ ሁለቴ ወድቀው ሁለቴ የተነሡ፣ በሸረሪት ድር ታስረው ያልተማረኩ፣ በእግር እጣቢ የተቀቡ፣ የገዛ ዐዋጃቸውን በገዛ አፋቸው የሻሩ፣ የአማቾች ሁሉ አክሊል የሆኑት አቶ አንዳርጋቸው ክብር ምስጋና ይድረሳቸው፤ ስማቸውም ከፋሲሎ እስከ ቁንዝላ ይጠራ፤ ጦር ያላስፈታውን፣ ልመና ያላንበረከከውን፣ ሐኪም ያላስረዳውን ልብ በአንዲት ጉጉት አሸንፈዋልና፤ እማሆይ ወለተ ሚካኤልም በዚያች ቅዳሜ፣ ጃኬታቸውን ለምናሴ ሳይመልሱ፣ ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ሐኪም ቤት ሄደው በቀኝ ዓይናቸው ሊጀመርላቸው ተስማሙ።